ሾተላይ የተባለው ግፊት

የቡ፣ መስከረም 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ውብነሽ፣ በርሊን

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ከዚያ አገር ብርድና ብቸኝነት ይጠብቅዎት። እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና ብሆን ግን በፎቶ ብቻ ለማውቅዎት ሰው ብዕር ባላነሳሁ።

ትህትና ነኝ፤ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር አንድ ቤት አብራችሁ ያደጋችሁት የአጎትዎ ልጅ የአስካለ ልጅ። እማዬ ባለፈው ዓመት በጥር አረፈች። አድራሻዎን ያገኘሁት ከሻንጣዋ ውስጥ፣ ከአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው። «ውብነሽ የሰው ደም አይታ ያለበትን ትናገራለች» ትለን ነበር። ስለዚህ ስለ ደም ልጠይቅዎት ነው።

አሁን የምኖረው የቡ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ባለቤቴ ለይኩን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ይሠራል፤ ለቀማ ከተጀመረ እስከ ጥር ድረስ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። እኔ የምውለው ከእናቱ ከእማማ መንበረ ጋር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንድ ልጅ አርግዤ ነበር። በሰባተኛው ወር እጄና ፊቴ አበጠ። ሰዉ «ልጁ ወፍራም ነው» እያለ ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር። ከዚያ ራስ ምታት ያዘኝ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለ። የቀረውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ ተማሪዎቼ ፊት ወድቄ ተንቀጠቀጥኩ። ጅማ ሆስፒታል ስነቃ ሁለት ቀን አልፎ ነበር። ልጄን አላየሁትም። ለይኩን ቀብሮት ተመልሷል።

ሐኪሙ «ከእርግዝና ጋር የሚመጣ ግፊት ነው» አለኝ። እማማ መንበረ ግን «ሾተላይ ነው» አሉ፤ ሰውነቴ ውስጥ ልጅ የሚበላ ነገር አለ ማለታቸው ነው።

አሁን እንደገና ሦስት ወር ከግማሽ ሆኖኛል። እማማ «ባለፈው ደጅ ለደጅ ስትዞሪ ነው ያገኘሽ። ሆስፒታልም ወስደንሽ ሬሳ ይዘን ነው የተመለስነው። እስክትወልጂ ከዚህ ግቢ አትወጪም» ብለውኛል። ሥራዬን አስተዉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እንቁላሉን ሁሉ የሚያስቀምጡት ለእኔ ነው። ግን ዱካቸውን በሩ ላይ አድርገው ነው የሚውሉት። ይህን ደብዳቤ ጅማ ወስዳ ፖስታ ቤት የምታስገባልኝ ጎረቤታችን ሶረቲ ናት፤ የጤና ጣቢያው ነርስ። መልስዎን በለይኩን መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ይላኩልኝ፤ ሌላ የለንም።

ሰው ወደ ውጭ አገር ሲጽፍ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እኔ ያንን አልጠይቅዎትም። ደሜ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። እርስዎስ? ልጆች አሉዎት? እማዬ ስለዚያ አታወራም ነበር።

ልጅዎ ትህትና

*

በርሊን፣ ጥቅምት 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፣

ሰላምታዬ ከነጎረቤትሽ ከነባልሽ ይድረስሽ። የአስካለን ማረፍ የሰማሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። ነፍሷን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። አልቅሼ ሲወጣልኝ ነው የቀረውን ያነበብኩት። አማርኛዬ ከሃያ ዓመት በፊት የቆመ ስለሆነ ስህተቱን ታገሺኝ።

አጋጣሚ ሆኖ የምሠራበት ላቦራቶሪ የሚያጠናው ያንቺኑ በሽታ ነው። የማውቀውን ያህል ልንገርሽ።

ደማችን ውስጥ ዘበኞች አሉ፤ በሕክምና ፀረ እንግዳ አካላት ይባላሉ። ሥራቸው ከውጭ የገባውን ተሕዋስ መያዝ ነው። በዚህ በሽታ ከተያዙት ሴቶች በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ግን የገዛ አካሉን እንደ እንግዳ የሚቆጥር ዘበኛ ተገኝቷል። የደም ሥራችን ግድግዳ ላይ «ጠበብ በል» የሚል ትእዛዝ የሚቀበል ቦታ አለ። በደህና ጊዜ ትእዛዙ ይመጣል፣ የደም ሥሩ ጠበብ ይላል፣ መልሶ ይላላል። ይሄኛው ዘበኛ ግን ጡሩምባ ላይ እጁን ጭኖ እንደማይለቅ ሾፌር ነው። የደም ሥሩ እንደጠበበ ይቀራል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ያንሳል።

ይህ ገና በመጠናት ላይ ያለ ነገር ነው። በሁሉም ሴት ላይ አይገኝም። ዘበኛው ነው በሽታውን ያመጣው፣ ወይስ የእንግዴ ልጁ ችግር ዘበኛውን ጠራው፣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ከደም የሚያወጣው መድኃኒትም በእጃችን የለም። አማትሽ ሾተላይ የሚሉትን ዛሬ ሐኪሞች የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም ይሉታል፤ እሱ ሌላ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

የታወቀው ይህ ነው፦ አንዴ የደረሰባት ሴት ዳግመኛ ሊደርስባት ይችላል፤ ላይደርስባትም ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ ግፊትሽን ተለኪ፤ ሽንትሽ ይመርመር። ያለ ሐኪም ምንም ክኒን አትዋጪ። ራስ ምታትና የዓይን ብልጭታ ከመጣ በዚያው ቀን ጅማ ሂጂ። በዚያው ቀን፣ ትህትና።

ስለ እኔ ጠይቀሻል። ደህና ነኝ። ልጅ የለኝም። ሥራዬ ብዙ ነው።

ማርያም ትቅረብሽ።
ውብነሽ

*

የቡ፣ ኅዳር 26 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ውብነሽ፣

ጤናዎን ያብዛልዎት። የነቢያት ጾም እንዴት ይዞዎታል?

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አደራረሱ ግን መጥፎ ሆነ። ለይኩን ይዞት መጥቶ እናቱ ፊት ሰጠኝ። እማማ «አንብቢው፣ እኛም እንስማ» አሉ። ሰላምታውን አነበብኩ፣ የእማዬን ለቅሶ አነበብኩ። የደሙንም፣ «ጅማ ሂጂ» የሚለውንም ዘለልኩት። «እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ ትላለች» አልኩ። እሱን ከራሴ ነው ያመጣሁት።

ለይኩን ወረቀቱን አየት አድርጎ «ሁለት ገጽ ሙሉ ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ።

«ጽሑፏ ትልልቅ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ሊሄድ ሲል አጥሩ ጋ ጠርቼ እውነተኛውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ተቆጥቶ አይደለም፣ በቀስታ ነው የጠየቀኝ፦ «ስለዚህ የገዛ ደምሽ ነው?»

ለካ ለእናቱም ነግሯቸው ነው የሄደው። እሳቸው እንኳን ሊደነቁ እፎይ አሉ። «አላልኳችሁም? ሾተላይ ነው። በጀርመን ቋንቋ ስሙን ለወጡት እንጂ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያንም ቀረሁ። ጠበሉ እቤት ይመጣልኛል፤ ክታብ አንገቴ ላይ ታስሯል፤ ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ግቢ እባላለሁ። ልጁ ሲራገጥ «አየሽ፣ እየታገለ ነው» ይሉኛል፤ ከእኔ ጋር ማለታቸው ነው።

እትዬ፣ ሌሊት ተኝቼ ሳይሆን ቀን ጤፍ ስለቅም ነው ይህ ሐሳብ የሚይዘኝ። የመጀመሪያውን ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ? የገዛ ዘበኛዬ ነው በሩን የዘጋበት? ያስረዱኝ ነገር እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን እውነቱ ለእነሱ መቆለፊያ ሆናቸው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። «ያኛው ስህተት ነበር፤ የደም ነገር አይደለም፤ ሐኪም ብቻ ይያት» ይበሉ። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ይጻፉልኝ።

ትህትና

*

በርሊን፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ትህትና፣

የጌታችን የልደት በዓል በሰላም ያድርስሽ። ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ አንድ ሳምንት ዞርኩ። የለመንሽኝን ውሸት አልጽፍልሽም። ውሸት ከጻፍኩማ ቀድሞውኑ ጽፌልሻለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ልጅ የለኝም» ብዬሻለሁና።

ልጅ ነበረችኝ። በ1981 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሳይዋሃዱ፣ ድሬስደን የነጻ ትምህርት ተማሪ ሳለሁ። አባትዋ ከእኛ ጋር ይማር የነበረ ልጅ ነው፤ ስሙን አላነሳውም። ማርገዜ ከታወቀ ትምህርቱን አስትተው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ሆዴን በጨርቅ አሠርኩት። ሰፊ ካፖርት ገዛሁ። እግሬ ሲያብጥ ጫማዬን በአንድ ቁጥር ከፍ አደረግኩ። ስምንት ወር ሐኪም ሳያየኝ ቆየሁና የተማሪዎች ማደሪያ ደረጃ ላይ ወደቅኩ። ልጄ ሁለት ቀን ኖረች። ለማንም አልነገርኩም፣ ለአስካለም ጭምር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ራሴን ይህንኑ ጠይቄ ነው ያን ላቦራቶሪ ሥራ የፈለግኩት። እንዲህ ነው የምመልስልሽ፦ ዘበኛውን አንቺ አልቀጠርሽውም። ሲሳሳትም አያማክርሽም። ደም ምን እንደሚሠራ ለባለቤቱ አይናገርም፤ ስለዚህ ነው የሚለካው። እኔ የምጸጸተው በደሜ አይደለም፤ በካፖርቱ ነው። ደብቄ ባልቆይ ኖሮ አንድ ሰው ክንዴን ይለካው ነበር።

ሌላም ልንገርሽ። ይህ በሽታ ከወሊድ በኋላ ያለፈ ይመስላል እንጂ የደም ሥሩን እንደነበረ አይመልሰውም። ግፊቴ ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ክኒን ላይ ነኝ። የሺህ ሴቶችን ደም መርምሬ የራሴን አስመርምሬ አላውቅም። አልደፈርኩም።

ይህን ደብዳቤ ለአማትሽ አንብቢላቸው። ካፖርቱንም፣ ጨርቁንም፣ ሁለቱን ቀንም። ምስጢሬን ሰጥቼሻለሁ፤ ለሚጠቅምሽ አውይው። ከዚያ ውጪና ተለኪ።

ውብነሽ

*

የቡ፣ ጥር 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ውብነሽ፣

እንደምን ከረሙ? መልስዎ እስካሁን አልደረሰኝም። መንገድ ላይ ይሁን ወይ ተቀይመውኝ ይሁን አላወቅኩም። ውሸት ጻፉልኝ ያልኩት ጨንቆኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። ትናንት ሶረቲ ጨው ልበደር ብላ መጣች፤ የግፊት መለኪያውን በነጠላዋ ሥር ይዛ ነበር። እማማ ውኃ ሊቀዱ ጓሮ ሲገቡ ክንዴን አስራ ነፋችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «ማል ታቴ፣ ትህትና? ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለችኝ። ግፊቴ መቶ ሃምሳ በመቶ ነው። ለይኩንን ጠርታ እንድትነግረው ለመንኳት፤ ማጠቢያው ድረስ በእግሯ ሄዳ ነገረችው። «ሶረቲ፣ እናቴን ምን ልበላት? ባለፈው እኔ ነኝ ትህትናን ሆስፒታል የወሰድኳት። በእጄ ነው ልጁን የቀበርኩት» አላት አሉ።

እሱም እንደኔ ታስሯል እኮ። የእሱ በር ክፍት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን ያንን ደብዳቤ አልፈልገውም። ለለይኩን ይጻፉለት። ትልቅ ሰው ነዎት፣ የውጭ አገር ባለሙያ ነዎት፤ ቃልዎን ያከብራል። «ውሰዳት» ብቻ ይበሉት። ቶሎ።

ትህትና

*

ጅማ፣ ሆስፒታል፣ የካቲት 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ውብነሽ፣

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ ጥር 24 ቀን ደረሰኝ። ለለይኩን ይጻፉለት ላልኩት መልስ አልመጣም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም።

በዚያ ቀን ራሴን ያመኝ ጀምሮ ነበር። እማማ እንደልማዳቸው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «ከውብነሽ ደብዳቤ መጥቷል፣ ላንብብልዎት» አልኳቸው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ አንድም አልዘለልኩ፣ አንድም አልጨመርኩ። ጨርቁ ጋ ስደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ ሁለት ቀን ኖረች» የሚለው ጋ ፊታቸውን አዞሩ።

ስጨርስ «ይሄ ለሰው የሚነበብ ነገር ነው?» አሉኝ።

«ለእርስዎ አንብቢላቸው ስላለችኝ ነው» አልኩ።

ከዚያ ዱካቸውን አንስተው ጓሮ ገቡ። ሂጂ አላሉኝም፤ አትሂጂም አላሉኝም። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ከኅዳር ወዲህ መንገድ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሶረቲ የጤና ጣቢያውን በር ዘግታ «ኮቱ፣ ነይ ነይ» እያለች እጄን ይዛ አውቶቡስ መናኸሪያ ወሰደችኝ። ቡና የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው የገባነው።

እዚህ ሲለኩኝ መቶ ሰባ በመቶ አሥር። ሽንቴ ፕሮቲን አለው። የያዘኝ ሐኪም ዶክተር ቱሉ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው። አልደበቀኝም። «ለልጁ እያንዳንዷ ቀን ትርፍ ናት፣ ላንቺ ግን እያንዳንዷ ቀን አደጋ ናት። ስንችል እናቆየዋለን፣ ካልቻልን እናወጣዋለን» አለኝ።

ስለዚህ በግራ ጎኔ ተኝቻለሁ። ከግቢ ወጥቼ አልጋ ገባሁ። መስኮቱ ከጀርባዬ ነው፤ መዞር አልተፈቀደልኝም። በየአራት ሰዓቱ ክንዴ ይታሰራል። የምጠብቀው ቀን ይሁን ልጅ ይሁን እንጃ። ለይኩን ሁለት ጊዜ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሄደ። እማማ አልመጡም።

ለምን ዝም አሉኝ? አሁን ምንም አልለምንዎትም። በሕይወት መኖርዎን ብቻ ይጻፉልኝ።

ትህትና

*

በርሊን፣ መጋቢት 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ትህትና፣

ፊደሉ የሕፃን ልጅ ቢመስልሽ አትሳቂ፤ በግራ እጄ ነው። ይህችን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ጥር 12 ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ቀኝ እጄ ብልቃጥ አልይዝ አለ። ከዚያ አፌ ተጣመመ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተዘግቷል አሉኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያመጣችልኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አንቺ ቀንሽን ስትቆጥሪ እኔ መናገር እየተማርኩ ነበር። ልጅሽ ትኑር አትኑር አላውቅም። አንቺም። ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው።

ባልደረቦቼ ደሜን ወሰዱ። በመጨረሻ መርምሩልኝ አልኳቸው። ያ ዘበኛ ደሜ ውስጥ የለም። ዛሬ የለም። ያኔ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ሊነግረኝ የሚችል የለም። ይህን ያህል ዘመን እሱን ስከስ ኖሬ፣ ምናልባት እደጄ ደርሶ አያውቅም። ማንን ልክሰስ? አልጋዬ ላይ ተኝቼ ይህን አስባለሁ፤ መውጫም አላገኘሁለት።

ካለሽ ጻፊልኝ።

ውብነሽ

*

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ውብነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። አለሁ። ልጄም አለች።

የካቲት 8 ቀን ግፊቴ መቶ ሰማንያ አለፈ፤ ዓይኔ ላይ ብልጭታው መጣ። ዶክተር ቱሉ «በቃ፣ ዛሬ ነው» አለ። እንዳልንቀጠቀጥ ማግኒዥየም ሰጡኝ፤ ሰውነቴ በሙሉ እሳት የተለቀቀበት መሰለኝ። በቀዶ ሕክምና አወጧት። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ለይኩን ዮርዲ ብሎ ጠራት።

እንዲህ ያለች ልጅ ቀንም ሌትም የሰው ደረት ላይ ታስራ ነው የምትሞቀው። እኔ ተነስቼ መቀመጥ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ እማማ መንበረን አየኋቸው፤ ሶረቲ ነግራቸው ነው የመጡት። ነርሷ ስታስረዳቸው ቀሚሳቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ልጄ ያንን ደረት ይዛ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። እማማ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄዱም፤ ወገባቸው ሲዝል «ኧረ አትንኩኝ፣ ትነቃለች» ይላሉ። ሐሳባቸውን ቀየሩ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። «ሾተላዩ እንደሆን አልለቀቀሽም፤ ሐኪሞቹ ቀደሙት እንጂ» አሉኝ። እኔም አልተከራከርኩም። ልጄን ይዘው ለተቀመጡ ሰው ምን ብዬ ልከራከር?

ግፊቴ አልወረደም። ክኒን በየቀኑ ነው፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም። ሌላ ልጅ አታስቢ ብለውኛል። ለይኩን የቡ እንድመለስ ይፈልጋል። «እማዬ እኮ እንደድሮው አይደለችም» ይላል። አይደሉም፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን ሆስፒታል በእግር የምደርስበት ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ እናንተ ካደጋችሁበት ቤት ሦስት በር አልፎ። ለይኩን ቅዳሜ ይመጣል፣ እሁድ ይሄዳል። እንዲህ ስንት ጊዜ እንደምንኖር ሁለታችንም አናወራውም። በመንገዱ የምርጫ ቅስቀሳ መኪና ሲያልፍ ዮርዲ ትባንናለች፤ እኔም ደረቴን እይዛለሁ። ከየቡ ግቢ ወጥቻለሁ፤ ከደም ሥሬ ግን መውጫ የለኝም፤ የምኖረው እዚያው ነው።

የራስዎን ጉዳይ አንድ ጊዜ ብቻ ላንሳው። ማንን እንደሚከሱ ጠየቁኝ። እኔ መምህር ነኝ፣ አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ በጥር ወር ሁለታችንም ደብዳቤ እየጠበቅን ነበር፤ አንዳችንም ሌላዋ ምን ላይ እንዳለች አናውቅም ነበር። ሶረቲ «ገለቶሚ በያት፣ ምስጢሯ ነው ያወጣሽ» ብላለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው።

ግራ እጅዎ እንዳይደክም ረጅም ደብዳቤ አይጻፉ። ሁለት ቁጥር ይበቃኛል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት እለካለሁ፤ እርስዎም ሰኞ ይለኩ። እኔ የእኔን እልካለሁ፣ እርስዎ የእርስዎን።

የዚህ ሳምንት፦ መቶ አርባ ስምንት በዘጠና ስድስት።

የእርስዎስ?

ትህትና